የጠፋ ስም ፍለጋ፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ለመምህራን የሚሰጠው ትምህርት

በአገራችን ልማድ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ የራሱን ስም ብቻ ተናግሮ አያበቃም። የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም ይጨምራል፤ አስተዋይ አያት ያሳደገው እንደሆነም እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጥራል። ይህ ቆጠራ ለጨዋታ ወይም ለትምክሕት ብቻ የተፈጠረ አልነበረም። አንደኛ፣ ዘመድና ዘመድ ሳይተዋወቁ እንዳይጋቡ ይጠብቅ ነበር። ሁለተኛ፣ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለነበረ፣ ከመጀመሪያው አቅኚ አባት ጀምሮ ትውልዱን በቅደም ተከተል ቆጥሮ በሽማግሌ ፊት ለማስረዳት ያልቻለ ሰው ድርሻውን ለማግኘት ይቸገር ነበር። እንግዲህ የዘር ቆጠራ በቃል የሚሰጥ ትምህርት ነበረ፤ መምህራኑ አያቶች፣ ተማሪዎቹ የልጅ ልጆች፣ ፈተናውም የርስት ሙግት ነበር ማለት ይቻላል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ ግን ቆጠራው በሙግት አደባባይ ይሰጥ የነበረው ጥቅም ቀረ። ጥቅሙ ሲቀር ትምህርቱም ደከመ። ወጣቱ ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከከተማም ወደ ውጭ አገር ሲፈልስ፣ የሚያውቁት ሽማግሎች ሳይጠየቁ ወደ መቃብር ወረዱ። ዛሬ እኛ መምህራን በክፍላችን ውስጥ የአያቱን አባት ስም የሚነግረን ተማሪ ስናገኝ እንደ ብርቅ አድርገን የምናየው ስለዚህ ነው።

ከዚህ የከፋ ችግር የደረሰባቸውም አሉ። በጦርነት፣ በረኀብ ወይም በስደት ምክንያት በሕፃንነታቸው ከወላጆቻቸው የተለዩት ልጆች የዘር ቆጠራው ለእነርሱ የማስታወስ ጉዳይ ሳይሆን የመፈለግ ጉዳይ ይሆንባቸዋል። ፍለጋው በምን ይጀመራል? ምንስ ይገኝበታል? ከተገኘ በኋላስ ምን ይሠራበታል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ በታሪካችን ማግኘት ያዳግታል። እርሳቸው በመጀመሪያ ሐኪም ተብለው ይታወቁ እንጂ የትምህርት ቤት መሪም ስለነበሩ፣ የመምህራን ማኅበር በሚያሳትመው በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ ሕይወታቸው ቢተረክ ተገቢ ይመስለኛል።

ጥያቄው ጐልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዱ ከጠረፍ ማዶ ያለው የሾዋክና የገዳሪፍ አገር ነው። ሾዋክ በምሥራቅ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። የአትባራ ውሃ ከእኛው አገር የሚወርድ ነው። ጓንግ ከጭልጋ ወገን፣ ተከዜም ከላስታ ተራሮች ተነሥተው በዚያ አገር ይገናኛሉ፤ ተከዜን የአገሩ ሰዎች ሰቲት ይሉታል። ወንዞቹ በወረዱበት አቅጣጫ ሰዎችም በየዘመኑ ወርደዋል። በጥር 1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር በደምቢያ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ድል ነሥቶ ጎንደርን በዘረፈና አብያተ ክርስቲያናቱን ባቃጠለ ጊዜ፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ሴቶችና ሕፃናት ተማርከው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተወሰዱ። ከዚያም በፊት ቢሆን በመተማ ገበያ ከቡናና ከሰም ጋር ሰውም ይሸጥ እንደነበር የታወቀ ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት ጦርነትና ረኀብ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደዚያው አሰደደ፤ ሾዋክም የምሥራቅ ሱዳንን ስደተኞች የሚያስተዳድረው የሱዳን መንግሥት መሥሪያ ቤት መቀመጫ ነበረች። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60,000 በላይ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው፣ ብዙዎቹ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን በራሷ ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ተገልብጦ፣ የሸሸው ሕዝብ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በዚህ ሁሉ መመላለስ ውስጥ ስማቸውን ብቻ ይዘው የቀሩ፣ አንዳንዶቹም ስማቸውን እንኳ ያጡ ልጆች መኖራቸው አይቀርም። የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ ስናነብ እነዚህን ልጆች በአሳባችን ይዘን እናንብብ።

ወርቅነህ በ1850ዎቹ ዓመታት በጎንደር ተወለደ። ዘመኑ ለጎንደር ሰዎች ክፉ ዘመን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱን አዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። ከዚያም ኃይላቸው እየመነመነ፣ ጠላታቸው እየበዛ ሲሄድ፣ መድፋቸውንና ሠራዊታቸውን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተጓዙ። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦርም ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ መጣባቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ አምባውም ተያዘ።

በዚያ ግርግር መካከል ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለየ። ሕፃኑን ያገኘው ቻምበርሌን የሚባል እንግሊዛዊ የጦር መኰንን ነበረ። ከመቅደላ ዘማቾች ብዙው ክፍል ከህንድ የመጣ ስለነበረ፣ መኰንኑ ሕፃኑን ይዞ ወደ ህንድ ተመለሰ። ቻምበርሌን ሲሞት ሌላው መኰንን ማርቲን የአሳዳጊነቱን ኃላፊነት ተቀበለ። በሁለቱ አሳዳጊዎች ምክንያት ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ስለዚህ እናትና አባት ያወጡለት ስም፣ የአገሩ ቋንቋ፣ የወገኖቹ ፊትና ድምፅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተወሰዱበት። በእጁ የቀረው ከመቅደላ የተገኘ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ማወቁና በገላው ላይ ያለው የሕፃንነት ጠባሳ ብቻ ነበር።

በዚያው ጊዜ ሌላ ልጅም ከመቅደላ ተወስዷል። እርሱም የሰባት ዓመቱ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ነበረ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱበት፤ እርሱ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በንግሥት ቪክቶሪያ ጥበቃ ሥር አደገ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። የሁለቱን ልጆች ዕድል ማነጻጸር ያስተምራል። ዓለማየሁ አባቱንና እናቱን ዓለም ሁሉ ያውቅለት ነበር፤ ነገር ግን ወደ ትውልድ አገሩ ሳይመለስ በባዕድ ምድር ቀረ። ወርቅነህ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅለት አሳዳጊ አልነበረውም፤ ነገር ግን ተመለሰ። የዘር ሐረግን ማወቅና ወደ ወገን መመለስ አንድ ነገር አለመሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ልጁ በህንድ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። አእምሮው ፈጣን ስለነበረ ወደ ላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ትምህርቱን ፈጸመ። ኋላም ወደ ስኮትላንድ ሄዶ የሕክምና ዕውቀቱን አሻሽሎ፣ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት በበርማ ሐኪም ሆኖ ተሾመ። በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ተብሎ የሚጠራው ስለዚህ ነው። ሥራው የተከበረ፣ ደመወዙ የተሟላ፣ ኑሮው የተደላደለ ነበረ። ሰው እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ ሳለ የማያውቃቸውን ወላጆቹን ለመፈለግ የሚያስገድደው ነገር የለም። ጥያቄው ግን በልቡ አልጠፋም ነበር።

በየካቲት 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ወሬ በዓለም ሁሉ በተሰማ ጊዜ፣ በሩቅ ምሥራቅ የሚኖረው ሐኪም ወደ አገሩ ለመሄድ ቈረጠ። በ1891 ዓ.ም. ገደማም አዲስ አበባ ደርሶ ዐፄ ምኒልክ ተቀበሉት፤ ሕሙማንንም ማከም ጀመረ። አማርኛ ስለማያውቅ ከገዛ ወገኖቹ ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነበር። ከመቅደላ የተወሰደ ሐበሻ ሐኪም ሆኖ ተመልሷል የሚለው ወሬ ግን ከእርሱ ቀድሞ ተሰማ። ወሬው ከደረሳቸው ሰዎች አንዷ አያቱ ነበሩ። አሮጊቷ መጥተው ሐኪሙን ተመለከቱ፤ በልጅነቱ በገላው ላይ የቀረውን ጠባሳ አይተው የልጅ ልጃቸው መሆኑን አረጋገጡ። ያን ጊዜ ነበር ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ስሙ ወርቅነህ፣ አባቱም እሸቴ፣ አገሩም ጎንደር መሆኑን ያወቀው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እንመርምር። ይህ መገናኘት የተፈጸመው በአጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ነገሮች ተባብረው አስገኝተውታል። የመጀመሪያው የአያቲቱ ትዝታ ነው። እኒያ አሮጊት ሠላሳ ዓመት ያህል ያላዩትን ሕፃን ሞቷል ብለው አልረሱትም፤ የትኛው ገላው ላይ ምን ምልክት እንዳለው ጭምር በልባቸው ይዘው ቆይተዋል። ሁለተኛው ሊመረመር የሚችል ማስረጃ ነው። ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ የከበረ ሐኪም ዘመድ ለመባል የሚመኝ ሁሉ ይመጣ ነበር፤ ጠባሳው ግን ትዝታውን ከገላው ጋር አመሳከረው። ሦስተኛው የተፈላጊው ራሱ መምጣት ነው። በበርማ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ጠባሳውም ትዝታውም ሳይገናኙ በቀሩ ነበር። የቤተ ሰቡን ታሪክ የሚመረምር ማንም ሰው ቢሆን እነዚህን ሦስቱን፣ ማለት የሽማግሌ ቃል፣ ቃሉን የሚያመሳክር ማስረጃና ቦታው ድረስ መሄድን አስተባብሮ መያዝ ይገባዋል።

የተገኘው ስምም ቢሆን ራሱን የቻለ መዝገብ ነበር። በእኛ አገር ስም መጠሪያ ብቻ አይደለም፤ ወላጆች ልጁ በተወለደ ቀን የተናገሩት ቃል ነው። ወርቅነህ የሚለው ስም ወላጆቹ በልጁ የተሰማቸውን ደስታ ለራሱ ለልጁ የነገሩበት ንግግር ነው። ሌሎች ስሞችም እንዲሁ የቤተ ሰብን ኑሮ ይናገራሉ። ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ የተባሉትን ስሞች ብንመረምር ብዙ ጊዜ ከልጁ መወለድ በፊት በቤቱ ውስጥ ሞት ወይም ኀዘን እንደነበረ እናገኛለን። አዝመራው የተባለው በመከር ወራት፣ ዘመቻ የተባለው ሠራዊት በተነሣ ጊዜ ተወልዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአያቶቻችንን ስም በቅደም ተከተል መደርደር ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ስም ለምን እንደ ወጣ ብንጠይቅ፣ የቀድሞ ሰዎች ያለፉበትን ደስታና መከራ ጭምር እናውቃለን።

ሐኪም ወርቅነህ ስማቸውን ያገኙት በአንድ ቀን ቢሆንም፣ የወገኖቻቸውን ኑሮ ለማወቅ ግን ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። መጀመሪያ ከመጡ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ዳግመኛ መጡ፤ ደግሞም ሄዱ። በመጨረሻ በ1911 ዓ.ም. አካባቢ ከበርማ አገልግሎት በጡረታ ከወጡ በኋላ በአገራቸው ጠቅልለው ገቡ። በዚህ መካከል ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ቤት መሠረቱ፤ ልጆችም ወለዱ። የአማርኛን ቋንቋ ከጎልማሳነት በኋላ እንደ ተማሪ ሆነው ተማሩ፤ ጥረታቸውም በቋንቋው የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ መጻፍ አደረሳቸው። በአፍ መፍቻው ቋንቋ የማሰብ ዕድል በሕፃንነቱ የተነጠቀ ሰው፣ በዚያው ቋንቋ ለሕፃናት የሚሆን ዕውቀት አዘጋጅቶ ማቅረቡ ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ነገር ነው።

ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ የበላይ ተቈጣጣሪነቱ ለሐኪም ወርቅነህ ተሰጠ። በዚያ ትምህርት ቤት የተማሩ ብዙ ሰዎች ኋላ አገሪቱን በልዩ ልዩ ሥራ አገልግለዋል። ሐኪም ወርቅነህ ከዚህ ጋር በልዩ ፍርድ ቤት ዳኝነትም ሠርተዋል። የአዛዥነት ማዕርግም ስለተሰጣቸው አዛዥ ወርቅነህ ተብለው ይጠሩ ነበር።

ሕይወታቸውን በጥሞና የሚከታተል ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። እኒህ ሰው ወገኑን ያጣ ሰው ባዩበት ሁሉ ልባቸው ወደዚያ ያዘነብል ነበር። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ሥራ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ በተላኩ ጊዜ፣ የመጡበትን ጉዳይ ብቻ ፈጽመው አልተመለሱም። በኒውዮርክ ከተማ በሃርለም ከሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው፣ የእጅ ሙያና ትምህርት ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዟቸው። የእነዚያ ሰዎች አያቶች ከአፍሪካ በባርነት ሲወሰዱ ስማቸውና ቋንቋቸው ተለውጦባቸው ነበር። ስሙን ያጣ ሰው ምን እንደሚጐድለው ከሐኪም ወርቅነህ የበለጠ የሚያውቅ መልእክተኛ ሊላክላቸው ባልቻለም ነበር።

በአገር ውስጥም ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቋቋምና እንዲካሄድ ደክመዋል። ይህ ሥራቸው ከሁሉ ይልቅ ከነገራችን ጋር የተያያዘ ነው። ነጻ የወጣ ባሪያ ልጅ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥርበት ዘር በአጠገቡ የለውም። ርስት በዘር በሚወረስበት በዚያ ዘመን ዘሩን መቁጠር ያልቻለ ሰው መሬት ለማግኘት መንገድ አልነበረውም። እንዲህ ላለው ልጅ የአባቱ ርስት ሊሆንለት የሚችለው ትምህርት ብቻ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ራሳቸው ከጎንደር ምንም ርስት ሳይዙ፣ በላሆር ያገኙትን ትምህርት ብቻ ይዘው የመጡ ሰው ስለነበሩ፣ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ተምረውታል።

ከ1923 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም የጨርጨር አውራጃ ገዢ ሆነው በአሰበ ተፈሪ ተቀምጠው አስተዳደሩን በማሻሻል ደከሙ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር በምትዘጋጅበት ጊዜ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ባሳደጋቸው መንግሥት ዋና ከተማ ተቀምጠው ለወለደቻቸው አገር ጠበቃ ሆኑ። በእንግሊዝ ሥርዓት ማደጋቸው ከወገናቸው የለያቸው ነገር መስሎ ይታይ ነበር፤ በዚያ ክፉ ቀን ግን ያው እድገታቸው፣ ያው እንግሊዝኛቸው ለኢትዮጵያ የቆመ መሣሪያ ሆነ። በዚህም አሳዳጊዎቻቸውን ሳይክዱ ወላጆቻቸውን አክብረዋል።

የከፈሉት ዋጋ ግን ከባድ ነበር። በእንግሊዝ አገር የምህንድስና ትምህርት የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በተማሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ባደረጉት ጭፍጨፋ ሁለቱም ወንድማማቾች ተገደሉ። አባትየው በሕፃንነቱ በጦርነት ከወላጆቹ ተለይቶ ነበር፤ በእርጅናው ደግሞ በሌላ ጦርነት ልጆቹን ተነጠቀ። ከዚህ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ወደ ህንድ ሄደው ቆዩ፤ ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሕይወታቸውን ዛሬ በዝርዝር ማወቅ የተቻለው የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ስለነበራቸው ነው። በየዕለቱ የሠሩትን፣ ያገኟቸውን ሰዎች፣ ያወጡትን ገንዘብ ጭምር ይጽፉ ነበር። የራሱን የመጀመሪያ ዓመታት የሚያስረዳ አንዳች ጽሑፍ ያልነበረው ሰው፣ ለሚከተለው ትውልድ ብዙ ጽሑፍ ትቶ ሄደ።

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚሆኑ ጥቂት ነገሮችን ላመልክት። በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የማስተምራቸው ዕጩ መምህራን የተማሪ መዝገብ መሙላትን አሰልቺ የጽሕፈት ሥራ አድርገው ሲቈጥሩት አያለሁ። ነገር ግን በሾዋክና በገዳሪፍ፣ በመተማና በሑመራ፣ ሕዝብ በሚመላለስበት አገር ሁሉ፣ የመምህሩ መዝገብ የእኒያን አያት ትዝታ ሊተካ የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ የልጁ ስም እስከ አያቱ ብቻ ሳይሆን እስከ ቅድመ አያቱ ይጻፍ። የእናቱ ስም ከነአባቷ ይጨመር፤ በስደት ጊዜ ከልጅ ጋር የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናትና። የትውልድ ስፍራው ሲጠየቅ የአውራጃው ስም አይበቃም፤ የመንደሩ፣ የደብሩ ወይም የመስጊዱ፣ የገበያውና የወንዙ ስም ይመዝገብ። የአውራጃ ስም በየመንግሥቱ ይለዋወጣል፤ የወንዝና የደብር ስም ግን በቶሎ አይለወጥም። ክርስቲያን የሆነ እንደሆነም የክርስትና ስሙና የክርስትና አባቱ ስም ይጠየቅ።

በዚያ ጠረፍ ሦስት የዘመን አቈጣጠሮች መገናኘታቸውንም መዘንጋት አይገባም። የእኛ አቈጣጠር ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። የሂጅራው ዓመት ደግሞ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር 33 የፀሐይ ዓመት ወደ 34 የሂጅራ ዓመት ይጠጋል። መዝጋቢው በየትኛው አቈጣጠር እንደ ጻፈ ካላመለከተ፣ አንድ ልጅ በወረቀት ላይ ከታናሽ ወንድሙ ያነሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስምም ወደ ዐረብኛ ሲጻፍ ይለወጣል፤ ጨና ጰ የመሰሉ ድምፆች በዐረብኛ ፊደል ስለማይገኙ፣ በሌላ ድምፅ ይተካሉ። ስለዚህ ስሙ በአማርኛም በዐረብኛም ጐን ለጐን ቢጻፍ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚፈልግ ዘመድ መንገዱን ያገኛል።

በክፍል ውስጥ የዘር ሐረግን ስናስተምር ግን ጥንቃቄ ያስፈልገናል። አባቱን የማያውቅ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ እንዲቆጥር ቢታዘዝ ትምህርቱ ቅጣት ይሆንበታል፤ ለእንደዚህ ያለው ልጅ ያሳደጉትን ሰዎች እንዲቆጥር መንገድ እንክፈትለት። ሐኪም ወርቅነህም አሳዳጊዎቻቸው ያወጡላቸውን ስም በውጭ አገር ሳያፍሩ ይጠሩበት ነበር። ደግሞም የቆጠራ ልማዳችን ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ንጉሥ ወይም ባላባት ዘንድ ካልደረሰ የማያርፍ ነው። እውነቱን ከጠየቅን ግን ከአያቶቻችን መካከል ሸማኔም፣ ቀጥቃጭም፣ ሸክላ ሠሪም፣ ምርኮኛም፣ በባርነት የተሸጠም አለ። ምርምሩ እነርሱን የሚደብቅ ከሆነ ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ ነው። የዘር ሐረግ ጎረቤትን ከጎረቤት ለመለየት ሲውል ምን ጥፋት እንደሚያመጣ ደግሞ የጠረፉ አገር ሰዎች በየዘመኑ በሥጋቸው አይተውታል። በቅንነት የተመረመረ ዘር ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቋንቋ፣ ከአንድ በላይ ሃይማኖት፣ ከድንበሩም ወዲህና ወዲያ ሥር ያለው ሆኖ ይገኛል።

ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በመጪው የዕረፍት ወራት እያንዳንዳችን ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ብንሰጥ እንዴት መልካም ይሆናል። ሥራውም በቤተ ሰባቸው ወይም በጎረቤታቸው ካሉት ሁሉ በዕድሜ የገፉትን አንድ ሰው ጠይቀው፣ የቀድሞ ሰዎች የት እንደ ኖሩ፣ ምን ሠርተው እንዳደሩ፣ ከየት ወዴት እንደ ተሰደዱ፣ ስማቸውም ለምን እንደ ወጣ በደብተር ጽፈው እንዲያመጡ ነው። አንዱ የተናገረውን ከሌላው ጋር ያስተያዩት፤ የማይስማማውን ሁለቱንም ይጻፉት። ደብተሩ ሲመለስ አርመን ማርክ ከሰጠንበት በኋላ ግልባጩን በትምህርት ቤቱ እናስቀምጠው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከሩቅ አገር የሚመለስ አንድ ሰው ስሙን ሊጠይቅ ይመጣ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አያቱ በሕይወት ባይገኙ እንኳ ደብተሩ ይገኝለት።